አሥረኛው እጅ

አክስቴ ራኬብ የራሷን ሠርግ አበላሸች ብዬ አሥር ዓመት ተቀይሜያታለሁ። ቅያሜዬ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ስሟ ሲነሳ ክፍሉን ለቅቄ እወጣ ነበር፤ የልደት ካርድ ስትልክልኝ ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ እወረውረው ነበር። ሠርግ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ያወቅኩት ባለፈው ፌብሩዋሪ ነው።

በፈረንጆቹ 2015 አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ አባቴ አሥራት፣ ታናሽ እህቱ ራኬብና እኔ። አባዬ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል፤ እኔና ራኪ መኝታ ቤቱን ይዘናል። እናቴ ፋና አዲስ አበባ ነበረች። አባዬ ዲቪ ደርሶት እኔን ይዞ ሲመጣ ከእማዬ ጋር ገና በወረቀት አልተጋቡም ነበርና እሷ እዚያው ቀረች። ኋላ ሄዶ ፈርሞ ተጋብቷት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ሁሉ የእሷ ኬዝ፣ የመምጫ ወረቀቷ ጉዳይ ሆነ። ኬዙ ስፖንሰር የሚሉት ሰው ይፈልጋል። አባዬ ሆቴል መኪና ፓርክ እያደረገ የሚያገኘው ደመወዝ አይበቃም ስለተባለ፣ ሌላ ሰው "እኔ አለሁላት" ብሎ መፈረም ነበረበት። የፈረመው ጋሼ እንዳሻው ነው። እኔ ስፖንሰር ማለት እንደ ክርስትና አባት ያለ ነገር ይመስለኝ ስለነበር፣ ጋሼ እንዳሻው ገና ላልመጣችው እናቴ የክርስትና አባት ሆኖላት ነበር ማለት ነው።

ጋሼ እንዳሻው ለሆቴልና ለሬስቶራንት የፓርኪንግ ሠራተኛ የሚያቀርብ ድርጅት ነበረው፤ የአባዬም አለቃ እሱ ነው። ሽቶው ቀድሞት ይገባል። ሚስቱን ከፈታ ቆይቷል፤ ይህንን ከትልልቆቹ ወሬ ለቅሜያለሁ። ባየኝ ቁጥር ከኪሱ ማስቲካ አውጥቶ ይሰጠኛል፤ እኔም በጣም እወደው ነበር።

ራኪ የመጣችው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነበር፤ እሷም በዲቪ። አዲስ አበባ እያለች ጸጉር ቤት ሹሩባ ትሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉ ላይ በጉልበቶቿ መሃል ታስቀምጠኝና ጸጉሬን ትሠራኛለች። "ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ መስመሩ ተጣመመብኝ" ትለኛለች፤ ተጣሞ ግን አያውቅም። ፌርፋክስ ላይ ጸጉር ቤት ያላት ሰርካዲስ የምትባል ሴት የራኪን እጅ በእኔ ራስ ላይ አይታ "ሴፕቴምበር ላይ ወንበር እሰጥሻለሁ" ብላታለች። እስከዚያ ድረስ ያገኘችውን ትሠራለች።

ሜይ ላይ በስተሰሜን ባለው የባሕር ዳርቻ የነዳጅ ቧንቧ ፈነዳ። ድፍድፉ ባሕር ገብቷል፣ የሬንጅ ጓል እኛም ዳርቻ ድረስ ደርሷል እየተባለ በዜና ይወራ ጀመር። አስተማሪያችን ሚስ ኦርቴጋ የሒሳቡን ምዕራፍ አቋርጣ፣ እስኪ ይኼን እንማር አለችን።

በየጠረጴዛችን ላይ ውኃ የሞላ የአሉሚኒየም ትሪ አስቀመጠችልን። የምግብ ዘይት ከካካዎ ዱቄት ጋር በጥብጣ ከላይ አፈሰሰችበት፤ ክፍሉ ኬክ ኬክ ሸተተ። ከዚያ ጥጥ፣ ስፖንጅ፣ የአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ ሰጠችንና "አጽዱት" አለችን። አልጸዳ አለ። በጥጥ ስንጠርገው ጥቂቱ ይወጣል፣ የቀረው ወደ ትሪው ጠርዝ ይሸሻል። ላባ ስንነክርበት ላባው ተጣብቆ ክር አከለ። አጠገቤ የሚቀመጠው ቶማስ ሰልችቶት ሙሉ እጁን ሲከት ሚስ ኦርቴጋ እጅጌውን ይዛ አወጣችው።

"በባዶ እጅ አይነካም" አለች። "ይኼ ካካዎ ነው። እውነተኛው ቆዳ ያቃጥላል። ዳርቻ ላይ ካያችሁ ሦስት ነገር ታደርጋላችሁ፤ አትነኩም፣ ለአዋቂ ትነግራላችሁ፣ ያያችሁትን ትጽፋላችሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን። ካልጻፋችሁት ማንም አያምናችሁም።"

ለእያንዳንዳችን አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር አደለችን፤ በወሩ መጨረሻ ዳርቻ ስንሄድ የምናየውን እንድንመዘግብበት ነው። እኔ ግን እስከዚያ መጠበቅ አላስፈለገኝም፤ የምጽፈው ነገር በየማታው ቤቴ ይመጣ ነበር።

ጋሼ እንዳሻው ለዳርቻው ጽዳት ሠራተኛ አቀርባለሁ ብሎ ተዋውሎ፣ ሃያ የሚሆኑ ያገራችንን ሰዎች በቫን መላክ ጀምሮ ነበር። ራኪም ገባችበት። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ለእራት ትመለሳለች። ነጭ ቱታ ለብሰው አሸዋው ላይ እየተጎነበሱ ሬንጁን እየለቀሙ በወፍራም ፌስታል ይሞላሉ። በሩን ስትከፍት አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ሽታ አብሯት ይገባል።

"ጓንት አልሰጧችሁም?" አልኳት የመጀመሪያው ቀን፣ ደብተሬን ገልጬ።

"ሰጥተውናል። እስከ ረፋድ ተቀደደ። ሌላ ስንላቸው አልቋል አሉ።"

"ማነው አልቋል ያለው?"

"ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች። "ዳኒ ነው፣ የጋሼ እንዳሻው ፎርማን።"

ዳኒ፣ ጓንት አልቋል ብዬ ጻፍኩ፤ ሰዓቱንም ጠየቅኳት። ከዚያ እጇን ገጹ ላይ ዘርግታ እንድታስቀምጥ ነገርኳትና በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ። ያቃጠላትን ቦታ ጠይቄ በቀይ እርሳስ ቀለምኩት። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቀይ ነጥብ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን በጣቶቿ መሃል ያለው ሁሉ ቀላ። ሬንጁን ለማስለቀቅ ቫኑ ውስጥ በጀሪካን የተቀመጠ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት ማጽጃ ነበር የሚሰጧቸው። "ሚጥሚጣ እጄ ላይ የበተኑብኝ ነው የሚመስለኝ" አለችኝ፤ እሱንም ጻፍኩ። በስድስተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። በስምንተኛው ቀን ተላጠ። አንድ የተቀደደ ጓንት አምጪልኝ ብያት አመጣችልኝ፤ በላስቲክ ከረጢት አድርጌ ከደብተሩ ጋር በስቴፕል መታሁት። ሐኪም ጋ ለምን እንደማትሄድ ስጠይቃት፣ ጋሼ እንዳሻው "ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ነገ ቫኔ ላይ አይወጣም" እንዳለ ነገረችኝ። እሱንም ጻፍኩ፤ እየወደድኩት ጻፍኩ። የሰማሁትን እጽፋለሁ እንጂ ማንን እየከሰስኩ እንደሆነ አላሰብኩም።

ረቡዕ ዕለት ሚስ ኦርቴጋ ደብተራችንን ስታይ የእኔ ላይ ቆመች። ፊቷ ሲለወጥ የተሳሳትኩ መሰለኝ።

"ይቺ ማን ናት?"

"አክስቴ ናት።"

ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። ሰኞ ከክፍል በኋላ አንዲት የምታውቃት ሴት እንደምትመጣ ነገረችኝ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ናት፣ ሠራተኞች ሥራ ላይ እንዳይጎዱ የምትከታተል። አክስቴ ደብተሩን ይዛ ብትመጣ ሴትየዋ ልታነጋግራት፣ ሐኪምም ልታገናኛት ትችላለች።

ለራኪ ስነግራት እጇን አገላብጣ አየች። ከዚያ "እሺ" አለች። ደብተሩን ከእኔ ተቀብላ ፍራሻችን ሥር አስገባችው። "እስከ ሰኞ ለማንም እንዳታሳዪ።"

"ለአባዬም?"

"ለአባትሽም። እሱ ይጨነቃል።"

አሁን ሳስበው ምን ልታጣ እንደነበር ይገባኛል። ያ እጅ ሥራዋ ነበር። ሰርካዲስ የሰጠቻት ወንበር፣ በዚህ አገር ሌላ ሰው ሳታስቸግር የምትኖርበት ኑሮ፣ ሁሉም በእነዚያ ጣቶች ላይ ነበር። ሐኪም ሳያየው የዋለ እያንዳንዱ ቀን ከጣቶቿ ላይ ይቀነስ ነበር። የደረሰባትንና ማን እንዳደረሰው የሚናገር ወረቀት ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ደብተር።

ሐሙስ አባዬ ከትምህርት ቤት ሲወስደኝ ወሬው አላስቀምጥ አለኝ።

"ደብተሬን አላሳይህም፣ ግን ከመንግሥት የመጣ ሰው ሊያየው ነው" አልኩት።

"የቱን ደብተር?"

"የራኪ እጅ ያለበትን።"

የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ በራለት፤ አልነዳም። ከኋላው ክላክስ አደረጉበት። መንገዱን ከተሻገርን በኋላ "ጎበዝ ልጄ" አለኝ። "ሌላስ ምን ጻፍሽ?" ሁሉንም ነገርኩት፤ ዳኒን፣ ጀሪካኑን፣ ስለ ሐኪም የተባለውን፣ ደብተሩ የት እንደተቀመጠ ሳይቀር። ሚስጥሩን ያልነገርኩት መስሎኝ ነበር፤ ደብተሩን አላሳየሁትማ።

ቅዳሜ ራኪ ጸጉሬን ጀመረችልኝና ግማሽ ላይ ተወችው። ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋታል። በዚያው ጠዋት የሣልኩት ዘጠነኛው እጅ ላይ ትንሿ ጣቷ ጎብጣ ነው የተሣለችው። እኔ ግን ሰልችቻት መሰለኝና አለቀስኩ። እሷ ገብታ በእርጥብ ፎጣ እጇን ጠቅልላ ተኛች። ግማሽ ራሴ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ እያለ በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ ነጋሽና ጋሼ አለማየሁ ነበሩ። ጋሼ ነጋሽ የሰፈሩን ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሰው ናቸው፤ ጋሼ አለማየሁ ደግሞ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር። ሁለቱም በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል።

"ግቡ፣ ቁጭ በሉ እንጂ" አለ አባዬ።

"የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም፣ አሥራት" አሉ ጋሼ ነጋሽ።

ይኼን ንግግር አውቀዋለሁ። የእማዬ እህት አምሳለ ስትታጭ የተቀረጸው ቪዲዮ በአባዬ ስልክ ላይ ነበረ፤ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። እዚያም ሽማግሌዎቹ ሱፍ ለብሰው መጥተው ቁጭ በሉ ሲባሉ እምቢ አሉ፣ የጠየቁት እሺ እስኪባል ድረስ ቆሙ። ሙሽራው አብሮ አይመጣም። ወደ መስኮቱ ሄጄ ወደ ታች ሳይ ጋሼ እንዳሻው መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ለምን እንደማይወጣ አወቅኩ፤ አፍሯል።

ሻርፕ ራሴ ላይ አሥሬ መኝታ ቤት ሮጥኩ።

"ራኪ፣ ሽማግሌ መጣ።"

"ማን ላከው?"

"ጋሼ እንዳሻው። ታች ነው ያለው።" ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ፣ ፈገግ እያልኩ፣ "ለምን እንደመጡ አውቄያለሁ" አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያን አስተያየት ለዓመታት እያነሳሁ፣ ደስ ብሏት ነው፣ ደንግጣ ነው እያልኩ ስተረጉመው ኖሬአለሁ።

አባዬ ጠራትና ሄደች። እኔ በበሩ ክፍተት አያለሁ።

"ነገር በቤት ሲያልቅ ነው የሚያምረው" አሉ ጋሼ ነጋሽ። "ፈረንጅ ቢሮ ከገባ ማን ያወጣዋል?"

"ወንድማችን ነው" አሉ ጋሼ አለማየሁ። "ለስንቱ ሥራ ሰጥቷል፣ ለስንቱ ፈርሟል። ሐኪምም ራሴ እወስዳታለሁ ብሏል።"

ሙሽራውን እያሞገሱት ነው አልኩ። ሚስቱን ሐኪም ቤት የሚወስድ ባል ጥሩ ባል ነው።

"እምቢ" አለች ራኪ። "ሐኪም የሚያገናኙኝ ሰዎች አሉ። ሰኞ እሄዳለሁ።"

"ስለ ፋና ብለሽ" አላት አባዬ። የእማዬን ስም ስሰማ፣ ሠርጉ እማዬ ስትመጣ ይሁን እያሏት ነው ብዬ ደመደምኩ። የትኛውን ቀሚስ እንደምለብስ ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር። አባዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፊርማዬን አነሳለሁ ቢልስ?"

"ብሎሃል?"

"አላለም።"

"ታዲያ?"

"እስኪል ልጠብቅ?"

ጋሼ ነጋሽ በመስኮት በእጃቸው ጠሩና ጋሼ እንዳሻው ወጣ። ገብቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ ራኪ እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበቷን ሊስም አጎነበሰ። ሲታረቁ እንዲህ እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው የቴሌቪዥኑን መንበርከክ ነው፤ በቴሌቪዥን ወንድ ከተንበረከከ ቀለበት ያወጣል። ቀለበቱን ለማየት በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

አባዬ ያኔ አየኝ። "ሄራንዬ፣ ያን ደብተርሽን አምጪው እስቲ። ጋሼዎች ይዩልሽ።"

ሙሽሪት ከምን ዓይነት ቤት እንደምትወጣ ሊያዩ ነው ብዬ ኮራሁ። ፍራሹን አንስቼ ደብተሩን አወጣሁ፤ ደረቴ ላይ አቅፌ መጣሁ።

ራኪ ከወንበሯ ተነሳች። እርጥቡ ፎጣ ከእጇ ላይ ወደቀ። "ሄሪ፣ መልሺው" አለችኝ። አልጮኸችም።

"ለጋሼ ስጪ" አለ አባዬ።

መሃል ቆምኩ። ራኪ እጇን አልዘረጋችም። ጋሼ እንዳሻው ገና እንደተንበረከከ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ አሳዘነኝ። ራኪ ብትተባበር ሁሉም ደስ ይለዋል፣ እማዬ ትመጣለች፣ እኔ አበባ እይዛለሁ። ሰጠሁት።

ገለጥ ገለጥ አደረገው። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ጓንት ሲያይ ቶሎ ዘጋው። "ጎበዝ ልጅ" አለኝ፤ ማስቲካ ሰጠኝ። "ነገ ቤተ ክርስቲያን አመጣልሻለሁ" ብሎ ደብተሩን ኮቱ ውስጥ ከተተው። ሽማግሌዎቹም ያኔ ተቀመጡ።

"አሥራት" አለች ራኪ። ሁልጊዜ ወንድምዬ ነበር የምትለው፤ በስሙ ስትጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ራኪ የለችም። አንሶላዋ ታጥፎ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አብራት ዳርቻ ስትሠራ የነበረች ዙሌይካ የምትባል ሴት ጋርዴና በሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ክፍል ነበራት፤ እዚያ ነው የሄደችው። ጋሼ እንዳሻው ደብተሩን "ረሳሁት" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት አባዬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። "ስለ ደብተሩ ከጠየቁሽ ጠፋ በያቸው። አክስቴም ሌላ ከተማ ሄዳለች በያቸው። ኦኬ?"

"ለምን?"

"እማዬ እንድትመጣ።"

ሴትየዋ መጣች፤ ደብተሩ የተወሰደባት ራኪ ግን አልመጣችም። ፈገግታዋ ጥሩ ነበር፤ ብዕሯን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። "ጠፋብኝ" አልኳት። ሚስ ኦርቴጋ ዓይኔን ለማየት ዝቅ አለች፤ እኔ ጫማዋን አየሁ። ሴትየዋ ስልክ ቁጥሯን በካርድ ሰጠችኝ፤ ካርዱንም አባዬ ወሰደው።

ይህን ሁሉ በልጅ አእምሮዬ ደርድሬ አንድ ታሪክ ሠራሁለት፤ ራኪ ኮራች፣ ጥሩ ሰው ተንበርክኮ ሲለምናት እምቢ አለች፣ እሱ ተናዶ ደብተሬን አስቀረው፣ እኔ ሚስ ኦርቴጋ ፊት ባዶ እጄን ቆምኩ፣ እሷ ደግሞ ቻው እንኳን ሳትለኝ ሄደች። ደብተሬን፣ ሠርጉን፣ ግማሽ የተሠራውን ጸጉሬን ያበላሸችው እሷ ናት። ያን ሹሩባ አንዲት ጎረቤታችን ፈታችልኝ።

እማዬ ዲሴምበር ላይ መጣች። ጋሼ እንዳሻው ኤርፖርት በአበባ ተቀበላት፤ እማዬ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ ዛሬም ያን ደስታ ከውስጤ ማውጣት አልቻልኩም። ራኪ አልነበረችም። ቅናት ነው አልኩ።

አሁን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ኮሌጅ እየተማርኩ፣ በትርፍ ሰዓቴ ተማሪዎችን የባሕር ዳርቻ እየወሰደ ስለ ነዳጅ መፍሰስ የሚያስተምር ፕሮግራም ውስጥ እሠራለሁ። ካካዎውን አሁን የምበጠብጠው እኔ ነኝ። በፌብሩዋሪ አንድ ቀን ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የተማሪዎቹን ደብተሮች ሳዘጋጅ እማዬ አጠገቤ ምስር ትለቅማለች። ደብተሮቹን አይታ ነው ወሬውን ያነሳችው፤ አባቴን ልታሞግስ።

"አባትሽ እኮ እኔን ለማምጣት ያልሆነው የለም። እነ ነጋሽን ራሱ ሄዶ ለምኖ ነው እንዳሻውን ከራኬብ ጋር ያስታረቀው።"

"ሽማግሌ የላከው ጋሼ እንዳሻው አይደለም እንዴ?"

"እሱማ መች ያውቅ ነበር? ስለ ደብተሩ የነገረው አባትሽ ነው። ቀድሞ ባይነግረው ኬዜ ይቀር ነበር።" ጠጠር አግኝታ ወደ ጎን አደረገች። "ራኬብም አልገባት ብሎ ነው እንጂ ለሁላችን ብሎ ነው።"

ቀስ እያለ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ሠርጉ ከውስጤ ጠፋ። ከዚያ መንበርከኩ ሌላ ሆነ። ከዚያ ሐሙስ ዕለት መኪናው ውስጥ ያወራሁት ወሬ፣ አረንጓዴ በርቶ ያልተነዳው መኪና።

አባዬ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኩት። ከመኪናው ሳይወርድ አጠገቡ ገብቼ ተቀመጥኩ።

"ፊርማዬን አነሳለሁ ብሎህ ነበር?"

ስለ ምን እንደማወራ ወዲያው አወቀ። አሥር ዓመት ጥያቄውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። "አላለኝም" አለ።

"ደብተሩን ራስህ ማውጣት አትችልም ነበር? የት እንዳለ ነግሬሃለሁ። እኔን ለምን አስመጣኸኝ?"

"እህቴ ከእኔ እጅ ብትቀማኝስ ብዬ" አለ። "ካንቺ እጅ አትቀማም።"

ብዙ ነገር ልለው አስቤ ነበር። ሰው እንዴት የገዛ ልጁን እንዲህ ይጠቀማል ልለው ነበር። እሱ ግን ወደ ቤቱ መስኮት አገጩን ቀና አደረገ። እማዬ መብራቱ ሥር ቆማ፣ እራት ቀርቧል ግቡ እያለች በእጇ ትጠራናለች።

"እናትሽ መጣች አይደል?" አለኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የአሥር ዓመት እራቴን የበላሁት በዚያ ደብተር ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጋርዴና ሄድኩ። ራኪ በሩን ስትከፍት ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጋለች። አርጅታለች ለማለት ገና ናት፤ አርባ እንኳን አልሞላትም፤ ግን ቀጥናለች። አሮጊቶችን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ጓንቱን ካላደረገች ቆዳዋ ሳሙና አይችልም፤ ከሰርካዲስ ወንበር ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠችም።

ሻይ አቀረበችልኝ፤ ኩባያውን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ። "ያን ቀን ለምን ሰጠሽው?"

"ሠርግ መስሎኝ።"

"የማን ሠርግ?"

"ያንቺ። ከጋሼ እንዳሻው ጋር። ሽማግሌ ሲመጣ፣ ሲንበረከክ… ሊያገባሽ መስሎኝ።"

ኩባያውን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ የእሷ ሳቅ ቆመ፣ እንባው ግን አልቆመም።

"'ለምን እንደመጡ አውቄያለሁ' ብለሽኝ ነበር" አለች። "እየሳቅሽ። እኔ አባትሽ ነግሮሽ፣ አውቀሽ ያደረግሽው መስሎኝ ነው የኖርኩት። እሱስ ይሁን፣ ለሚስቱ ነው እል ነበር። አንቺን ነበር ይቅር ማለት ያልቻልኩት።"

እኔ አሥር ዓመት ተቀይሜያታለሁ፤ እሷም አሥር ዓመት ተቀይማኛለች፤ ያም ሆኖ በየዓመቱ የልደት ካርድ ትልክልኝ ነበር። እንዳልከፈትኳቸው አልነገርኳትም።

ቦርሳዬ ውስጥ ለተማሪዎቼ ካዘጋጀኋቸው ደብተሮች አንዱ ነበር። አውጥቼ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ምንም ሳልጠይቃት የቀኝ ጓንቷን አወለቀች። እጇን ገጹ ላይ አስቀመጠችና በሌላው እጇ ጣቶቿን አንድ በአንድ ለመዘርጋት ሞከረች። ትንሿና የቀለበት ጣቷ አልተዘረጉም። እንዳሉ ዙሪያቸውን አሰመርኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጻፍኩ።

ደብተሩን ስዘጋው ራኪ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር።

"የት ታስቀምጪዋለሽ?" አለችኝ።

"ቤት አላስቀምጠውም" አልኳት።